ግድባችንን ላዩልን መሐንዲስ ምስጋና፣ ለናንተም ጥቆማ

ጆርጂያ ውስጥ ኩሬ ያለው ቤት የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ከአትላንታ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ የገዛነው ቤት ጓሮው ላይ ኩሬ አለ። ኩሬውን የያዘው ድሮ ለከብት ውሃ ተብሎ የተሠራ የአፈር ግድብ ነው። ግድቡ የኛ ንብረት መሆኑን፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዎቹም እኛው መሆናችንን ልብ ያልነው ደብዳቤ ሲመጣልን ነው። ደብዳቤው ግድባችሁ ከምድብ 2 ወደ ምድብ 1 ተዛውሯል ይላል። ባለቤቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እኔም ግድቡ ሊፈርስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

መጀመሪያ ያመጣሁት ኮንትራክተር አሥር ደቂቃ እንኳን አልቆየም። ግድቡ ላይ የበቀሉትን ዛፎች ከነሥራቸው እንነቅላለን፣ ከሥር የረጠበውን ቦታ በሸክላ አፈር እንደፍናለን ብሎ የሚያስደነግጥ ዋጋ ጠራ። ቀብድ ልከፍለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

እግዜር ይስጠውና አንድ ጓደኛዬ ከኚህ መሐንዲስ ጋር አገናኘኝ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ግድቡን ሳያዩ መጀመሪያ ቁልቁል ይዘውኝ ወረዱና ከታች ያሉትን ቤቶች ቁጠር አሉኝ። ስድስት ናቸው። ግድቡ ሲሠራ እዚያ ግጦሽ ብቻ ነበር። «ምድቡ ስለ ግድቡ ጤንነት አይናገርም፣ ቢደረመስ ሰው ሊሞት ይችላል ወይ ነው ጥያቄው» አሉኝ። ግድባችን ምንም ሳይሆን ምድቡ የተቀየረው ለካ ሰው ከታች ስለሠፈረ ነው! በስቴቱ ሕግ ቁመቱ 25 ጫማ ከሞላ ቁጥጥር ውስጥ ይገባል፣ የኛ 27 ነው።

ሕጉ ከየት እንደመጣም ነገሩኝ። ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሌሊት፣ እዚሁ ጆርጂያ ቶኮአ ፎልስ የሚባል ቦታ ካለው ኮሌጅ በላይ የነበረው ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ተደርምሶ 39 ሰው ሞተ። የጆርጂያ የግድብ ደህንነት ሕግ በዓመቱ፣ በ1978 ወጣ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ታች ባለው መንገድ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁትን ልጆች ሳይ ሆዴ ይባባል።

ከዚያ የረጠበው ቦታ ላይ ተንበርክከው የሚንጠባጠበውን ውሃ በሃይላንድ ቀዱና መኪናቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ከታች ደለል አልተቀመጠም፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከአፈር ግድብ ውሃ መስረጉ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ደፍርሶ ከወጣ ግን ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። መውጫውን በሸክላ መድፈን ደግሞ ውሃው ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ትክክለኛው አፈሩን የሚይዝና ውሃውን የሚያሳልፍ የአሸዋ ማጣሪያ ነው። ዛፎቹንም ኩሬው ሙሉ እያለ እንዳትነቅል፣ ሥሩ የነበረበት ቀዳዳ የውሃ መንገድ ይሆናል አሉኝ። የሚያሳስበው የኩሬውን ውሃ በግድቡ ውስጥ አሳልፎ የሚያወጣው፣ ዝጎ የተበሳው የብረት ቱቦ ነበር፣ እሱ ተቀየረ።

ርካሽ አይደሉም። ግን የማያስፈልግ ሥራ አላሠሩኝም። የጽሑፍ ሥራውን ጨርሰው፣ አደጋ ቢመጣ ለየትኛው ቤት ማን እንደሚደውል ሳይቀር ጽፈው ሰጡኝ። ስቴቱ ለምድብ 1 ግድብ የሚቀበላቸው መሐንዲሶች ዝርዝር አለው፣ እሳቸውም እዚያ ውስጥ አሉ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ገና ልትገዙ ከሆነም ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉላቸው።