ኒኮን ዲ40 ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ፦ በ6 ሜጋፒክሰል ምን ያህል ትልቅ ፎቶ ይታጠባል?

ኒኮን ዲ40 በ2006 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የወጣ ካሜራ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው ያገለገለው ነው። የስልክ ካርቶን ላይ 50 ሜጋፒክሰል ተጽፎ በሚታይበት ጊዜ 6 ሜጋፒክሰል (6 ሚሊዮን ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ትልቅ ፎቶ ይወጣዋል ወይ?» ብሎ ነው። ከስምንት ወር ማንሳትና ማሳጠብ በኋላ መልሱ ይኸው፦ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ያለ ስጋት ይወጣዋል። ሲነሳ ጥንቃቄ ከተደረገ 40 በ60ም ግድግዳ ላይ ያምራል። ከዚያ በላይ ሲኬድ ነገሩ ፎቶው ውስጥ ባለው ይወሰናል።

ስሌቱን ለመያዝ ኢንች ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ትልቁ ፋይል 3008 በ2000 ፒክሰል ነው። ረጅሙ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 100 ፒክሰል ይደርሰዋል፤ 60 ላይ 50፣ 90 ላይ 33። ጤናማ ዓይን በሴንቲ ሜትር 100 የሆኑትን ነጥቦች ነጥሎ ማየት የሚያቅተው ከ35 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ጀምሮ ነው፤ 50 የሆኑትን ከ70 ሴንቲ ሜትር፣ 33 የሆኑትን ከአንድ ሜትር። ስለዚህ 20 በ30 እጅ ላይ ተይዞ ይታያል፣ 40 በ60 ከሶፋ በላይ ተሰቅሎ ይታያል፣ 60 በ90 ደግሞ ማንም ተጠግቶ የማያየው ቦታ ይፈልጋል። ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገርም አለ፦ ሜጋፒክሰል የሚቆጥረው የፎቶውን ጠቅላላ ስፋት፣ ማለትም ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘውን ነው። ከ6 ወደ 24 ሜጋፒክሰል መሄድ ፒክሰሉን አራት እጥፍ ቢያደርገውም የፎቶውን ርዝመትና ወርድ የሚያሳድገው በእጥፍ ብቻ ነው።

አሁን ፎቶው ውስጥ ወዳለው እንምጣ። ጉርድ ፎቶ ለዚህ ካሜራ ቀላል ሥራ ነው፤ ፊት ብቻውን ከሺህ ፒክሰል በላይ ስለሚይዝ 50 በ75 ቢታጠብም ዓይኑና ቅንድቡ ጥርት ብሎ ይታያል። የሚያስቸግረው የሠርግ የቡድን ፎቶ ነው። በአንድ ረድፍ አሥራ ሁለት ሰው ከቆመ ለአንዱ ሰው የሚደርሰው 250 ፒክሰል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ፊቱ 100 ቢይዝ ነው። 40 በ60 ላይ ያ ፊት ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፦ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት ግን የለም። ለእንዲህ ያለው ፎቶ ልክ የሚሆነው 20 በ30 ነው፣ ቢበዛ 30 በ45።

የሐበሻ ቀሚስ ጥበብም እንዲሁ ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነች ሴት ከእግር እስከ ራስ ቆማ ብትነሳና ካሜራው በቁም ተይዞ ቁመቷ 2600 ፒክሰል ቢይዝ፣ አንድ ፒክሰል ልብሱ ላይ 0.65 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ከዚያ የቀጠነ የጥበብ ክር ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ከወገብ በላይ ተጠግቶ ሲነሳ ግን አንዱ ፒክሰል ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይወርድና የጥልፉ ቅርጽ ይለያል። ጥበቡ እንዲታይ የሚፈለግ ከሆነ ለብቻው ተጠግቶ ማንሳት ነው፤ በኋላ በኮምፒውተር የጠፋውን ክር የሚመልስ መንገድ የለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ማጉያ ፕሮግራሞች የሚያወጡት ክር ራሳቸው የፈጠሩትን ነው፤ ፊት ላይ ሲሆን ደግሞ ሰውየውን ሌላ ሰው ሊያስመስሉት ይችላሉ።

ትልቅ ህትመት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በፒክሰል ማነስ አይደለም፣ በእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ሁለት ፒክሰል የሚያህል መንቀጥቀጥ 10 በ15 ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይታይም፤ 40 በ60 ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆንና ፎቶው ሁሉ የደበዘዘ ይመስላል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር የለውም። 55 ላይ፣ ማለትም ሌንሱ እስከ መጨረሻው ሲያቀርብ፣ የሻተር ፍጥነቱ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/200 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። ከሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ መጠኖች (ኤፍ ተብለው ከሚጻፉት) ጥርት ያለ ፎቶ የሚወጣው ኤፍ 8 ላይ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) ለ40 በ60 ከ400 አይለፍ፤ 800 ለ30 በ45 ይበቃል፤ 1600 ለአልበም ብቻ።

ዲ40 የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሲበዛ ብርሃን ያበዛል። በቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ ሲነሳ የሸማው መስመር ሁሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ያ ደግሞ በትልቁ ሲታጠብ ቀዳዳ ይመስላል። ፎቶው ትንሽ እንዲጨልም የ+/- ቁልፉን ይዞ መንኮራኩሩን ወደ -0.7 ማዞር ነው። ፊት ጥላ ውስጥ ከገባ ፍላሹን መክፈት፦ ይህ ካሜራ በ1/500 ፍጥነት ፍላሽ ስለሚሠራ በቀን ብርሃን ከብዙ አዳዲስ ካሜራዎች ይሻላል።

ፎቶ ቤት ሲደርስ ሌላ ጣጣ አለ። ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። 3008 የነበረው ፋይል በዚህ ከግማሽ በታች ሆኖ 20 በ30 ላይ ለሴንቲ ሜትር 43 ይቀራል፤ ከዚያ ጥፋቱ ለካሜራው ይሰጣል። «ፋይል» አድርጎ መላክ ወይም በፍላሽ ዲስክ መውሰድ ያስፈልጋል። የህትመቱ መጠንም ከፋይሉ ቅርጽ ጋር ይጣጣም፦ 10 በ15፣ 20 በ30፣ 30 በ45፣ 40 በ60 ምንም አይቆርጡም። 30 በ40 ከተባለ ግን ከጎንና ከጎን በድምሩ 340 ፒክሰል ያህል ይቆረጣል፣ ዳር የቆመው ሚዜ ትከሻውን ያጣል። ካንቫስ ላይ ከሆነ በየጎኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንጨቱ ላይ ስለሚጠቀለል ዳርዳሩን ባዶ ትቶ ማንሳት ነው። በነገራችን ላይ ካንቫስና ማት (የማያንጸባርቅ) ወረቀት የፒክሰል እጥረትን ይሸፍናሉ፤ አንጸባራቂ ወረቀት ያጋልጣል።

ካሜራው ሴንሰሩን (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገውን ክፍል) በራሱ የሚያጸዳበት ዘዴ የለውም። አቧራው ኤፍ 16 ላይ ሰማዩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ 40 በ60 ላይ ደግሞ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። በሜኑው ሴንሰሩን የሚጋርደውን መስታወት አንስቶ በጎማ አየር መንፊያ መንፋት ነው፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያሳርፍበታል።

ለትልቅ ህትመት ገንዘብ ከመክፈል በፊት ደግሞ በአንድ ፖስት ካርድ መሞከር ይቻላል። ከፎቶው ላይ ዋናውን ቦታ፣ ለምሳሌ ፊቱን፣ 750 በ500 ፒክሰል ቆርጦ 10 በ15 ማሳጠብ። ያ ቁራጭ 40 በ60 ሲታጠብ የሚኖረው ጥራት ራሱ ነው። ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ወንበሩ ያለበት ቦታ ሆኖ ማየት ነው።