«የማስተርሱ ሁለት ሦስተኛ» ተብሎ ስለሚሸጠው የሳይንስ ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ማስጠንቀቂያ

በሳይንስ ዘርፍ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ለመማር ያሰባችሁ፣ በተለይም ትምህርቱን ጨርሳችሁ የመመረቂያ ማመልከቻ ቅጽ በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ይህን ሳታነቡ በምንም ላይ አትፈርሙ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ በዚህ ሴሚስተር የሚመረቁት ፈርመው ይጨርሳሉ።

የቅበላ ቢሮዎችን አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤታችሁ በቀጥታ ማስተርስ ለመግባት ጥቂት ያንሳል፣ ወይም ከተመረቃችሁ ብዙ ዓመት ሆኗችኋል፣ ወይም ሥራ ላይ ስለሆናችሁ ለረጅሙ ትምህርት ጊዜ የላችሁም፤ እነርሱም ይህን ቀድመው ያውቃሉና «ችግር የለም፣ በዲፕሎማው ይጀምሩ፣ በኋላ ወደ ማስተርሱ ያሳድጉታል» ይሏችኋል። ክፍያው እስኪፈጸም ድረስ የሚደውሉት እነርሱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚያነሣ አይገኝም።

እኔ የተመዘገብሁት በአናሊቲካል ኬሚስትሪ፣ ማለትም አንድ ናሙና ምን ምን ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንደያዘ በሚለካው የኬሚስትሪ ዘርፍ ነበር። ፕሮግራሙ የተዋቀረው በእንግሊዝ የክሬዲት ሥርዓት መሠረት ነው፤ በዚህ ሥርዓት የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት 60፣ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ 120፣ ማስተርስ ደግሞ 180 ክሬዲት ይጠይቃሉ፤ ሦስቱም የትምህርት ማስረጃዎችን በደረጃ በሚመድበው የአገሪቱ የብቃት ማዕቀፍ 7ኛ ደረጃ ላይ ይመደባሉ። ዲፕሎማውንና ማስተርሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚለያቸው የመጨረሻው 60 ክሬዲት፣ ማለትም የምርምር ሥራውና የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። የቅበላ አማካሪዋም ይህንኑ በወረቀት ላይ «120 + 60» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩም መስመር አስምራ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱ ዛሬም በእጄ ይገኛል። አንድ ክሬዲት 10 ሰዓት ያህል የተማሪ ሥራ ተብሎ ስለሚሰላ፣ 120 ክሬዲት ማለት 1,200 ሰዓት ገደማ የሚወስድ ትምህርት፣ ጥናት፣ ላብራቶሪና ፈተና ነው። ናሙና ከማዘጋጀት ጀምሮ እስከ ክሮማቶግራፊና ስፔክትሮስኮፒ፣ ከመሣሪያ ካሊብሬሽን እስከ የልኬት ስሕተት ስሌት ድረስ ያለውን ሁሉ ከሥራ መልስ በሚተርፈኝ ሰዓት ተማርሁ። መምህራኑ በሚገባ አስተምረውኛል፤ በእነርሱ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም፣ ይህ ጽሑፍም እነርሱን አይመለከትም።

የመጨረሻው ውጤት እንደ ወጣ ከፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት የመመረቂያ ማመልከቻ ቅጽ ተሰጠኝ። ወደ ማስተርሱ የመቀጠል ሐሳብ እንዳለኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በማኅደሬ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ቢሆንም ከመፈረሜ በፊት የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ፣ ይህን ብፈርም ለመቀጠል እንቅፋት ይሆንብኝ እንደሆነ ለይቼ ጠየቅኋት። «በፍጹም፤ እንዲያውም ዲፕሎማውን ከያዙ በኋላ ማመልከቱ ይቀልዎታል» አለችኝ። እስክሪብቶውንም ራሷ አቀበለችኝ። ያን ቀን የሰማሁት መልስ አንድም የተሸፋፈነ ቃል ያልነበረበት፣ ሌላ ትርጉም የማይሰጠው መልስ ነበር።

የማስተርስ ምዝገባ ሲከፈት ትራንስክሪፕቴንና ዲፕሎማዬን ይዤ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ቆምሁ። ሠራተኛው ወረቀቶቼን ተቀብሎ የመታወቂያ ቁጥሬን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና ጥቂት ዝም ብሎ አየ። ከዚያም ዐይኑን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሣ «አንቺ እኮ ተመርቀሻል» አለኝ። ዲፕሎማውን መቀበሌን፣ አሁን የመጣሁት ቀሪውን 60 ክሬዲት ለመቀጠል መሆኑን ነገርሁት። «የምን ቀሪ? ክሬዲቱ በዲፕሎማው ተዘግቷል። ማስተርስ ከፈለግሽ እንደማንኛውም አዲስ አመልካች ታመለክቻለሽ፣ ከመጀመሪያው ኮርስ ትጀምሪያለሽ፣ ሙሉውን ትከፍያለሽ» አለኝ። አማካሪዋ የጻፈችልኝን ወረቀት አውጥቼ በመስኮቱ አሳለፍሁለት። አየውና አጠገቡ ለተቀመጠው ባልደረባው አሳየው፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። «ማኅተም አለው?» አለኝ። የለውም። «እንግዲያውስ ይህ ወረቀት አይደለም። ደንቡ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነው፤ ማንበብ የአንቺ ኃላፊነት ነበር» ብሎ ማስረጃዎቼን ሁሉ በአንድ እጁ ሰብስቦ ወደ እኔ ገፋቸውና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራ።

ክፍያ በምፈጽምበት ወቅት «እርስዎ» ሲሉኝ፣ ወንበር ሲስቡልኝ የነበሩት የዚያው ተቋም ሰዎች ናቸው። ያመመኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የሠራው ሥራ ዋጋ እንዳጣ የሚነገረው በዚያ ዓይነት ፈገግታ መሆኑ፣ ያንንም ተከትሎ አንድ የማብራሪያ ቃል እንኳ አለመሰማቱ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ወደ ፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ተመልሼ ቅጹን ያስፈረመችኝን ሠራተኛ ስጠይቃት ደግሞ «እኔ እንደዚያ ልል አልችልም» የሚል መልስ ብቻ ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ደንቡን አሁን ከፊት እስከ ኋላ አንብቤዋለሁ። አንድ ጊዜ ለተሰጠ የትምህርት ማስረጃ የተቆጠረ ክሬዲት ለሁለተኛ ማስረጃ አይቆጠርም ይላል። ይህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ሥርዓት ነው፤ በራሱም ክፋት የለበትም፣ አንድ ሥራ ሁለት ማስረጃ ማስገኘት የለበትምና። አንዳንድ ተቋማት ተማሪው ዲፕሎማውን መልሶ ክሬዲቱን ወደ ማስተርሱ እንዲያዛውር ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ዝውውሩን የሚቀበሉት ዲፕሎማው ከመሰጠቱ በፊት ብቻ ነው፤ ከዚህም በተጨማሪ ዝቅተኛ አማካይ ውጤት፣ ክሬዲቱ የሚያገለግልበት የጊዜ ገደብና የምርምር አማካሪ መገኘት የሚጠየቅበት አለ። የእኔው ተቋም ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ስለዚህ እኔ መሙላት የነበረብኝ የዝውውር ማመልከቻ እንጂ የመመረቂያ ማመልከቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ቅጾች ደግሞ የሚገኙት በዚያው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። መቀጠል እንደምፈልግ የሚያውቅ፣ ደንቡንም በየሴሚስተሩ የሚያስፈጽም ቢሮ የተሳሳተውን ቅጽ ሲያስፈርመኝ እንዴት ባለማወቅ ነው ልበል? እንደ አዲስ የሚመዘገብ ተማሪ ከ60 ክሬዲት ይልቅ የ180 ክሬዲት ክፍያ እንደሚከፍል ለማስታወስ ብዙ ማሰላሰል አያስፈልግም።

በእጄ የቀረው ዲፕሎማ ምን ያህል ያስኬዳል የሚለውንም ማንም ሲመዘገብ አይነግራችሁም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ማስተርስ ጀምረው የመመረቂያ ጽሑፉን ሳይሠሩ ለሚያቋርጡ ተማሪዎችም የሚሰጥ ማስረጃ ነው። በመሆኑም ሆን ብሎ ዲፕሎማውን የተማረና ከማስተርሱ ያቋረጠ ሰው ማስረጃቸው ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣሪው ወይም የቅበላ ኮሚቴው የትኛው እንደሆናችሁ ከወረቀቱ ላይ ለይቶ ማወቅ አይችልም። በሳይንስ ይህ ከሌሎች ዘርፎች ይበልጥ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው ራሱ የሠራውን ምርምርና ያን ምርምር የመራ ሰው የሚጽፍለትን የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ በኮርስ ብቻ የተጠናቀቀ ዲፕሎማ ደግሞ ሁለቱንም አያስገኝም። የሥራ ዕድልን የሚያሰፋበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም፤ በላብራቶሪ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ላለና ዕውቀቱን ማደስ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። እኔ ግን የከፈልሁት ለዚህ ብቻ አልነበረም፣ የተሸጠልኝም ይህ ብቻ ነው ተብሎ አልነበረም።

«ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው» የሚለውም ማስታወቂያ እንዳያታልላችሁ። የዩኔስኮ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ዕውቅና ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2023 ሥራ ላይ ውሏል፤ የሚያረጋግጠው ግን ማስረጃችሁ በአባል አገሮች ፍትሐዊና ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲመረመር ነው። ጉልህ ልዩነት ከተገኘ ዕውቅናው ሊከለከል እንደሚችል ራሱ ስምምነቱ ያስቀምጣል፤ አንድን ዩኒቨርሲቲ ክሬዲታችሁን ቆጥሮ ወደ ማስተርስ እንዲያስገባችሁ አያስገድድም። ይህን ያወቅሁት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲቶቼን ይቀበለኝ እንደሆነ ስጠይቅ ነው፤ እዚያ ቢያንስ በአክብሮትና በጽሑፍ እንደማይቀበሉኝ ነገሩኝ።

ለመመዝገብ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ወደ ማስተርስ የሚያሳልፈው ሁኔታ በቅበላ ደብዳቤያችሁ ላይ በማኅተም ይጻፍላችሁ፤ አማካይ ውጤቱ፣ የጊዜ ገደቡና ዝውውሩ ዲፕሎማው ከመሰጠቱ በፊት ነው በኋላ የሚለው አብሮ ይኑር። አሁን ልትመረቁ የተቃረባችሁ ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ በቃል የምትሰሙትን ትታችሁ ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱ ሳይመጣ የመመረቂያ ቅጹን አታስገቡ።

እኔ የአማካሪዋን ወረቀት ቅጂ፣ በማኅደሬ ያለውን የመቀጠል ፍላጎት መግለጫዬንና የሆነውን ሁሉ በዝርዝር የያዘ አቤቱታ ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቅሬታ ሰሚ ክፍል አስገብቻለሁ። የጠየቅሁት ዲፕሎማውን መልሼ ክሬዲቶቹ እንዲለቀቁልኝ ነው። ምላሹ ሲደርሰኝ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ሙሉ ቃሉን አሳውቃችኋለሁ።