ለሽንኩርትና ለአትክልት የትኛው መክተፊያ ይሻላል? ቢላዋ፣ ባለ ገመድ፣ ባለ ሞላና ባለ ፍርግርግ ጎን ለጎን

ለቤቱ በእጅ የሚሠራ የአትክልት መክተፊያ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ መርካቶ ወርዶ ቢጠይቅም በቴሌግራም የሚሸጡ ዕቃዎችን ቢያገላብጥም፣ የሚቀርቡለት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክዳኑ ላይ ያለው ገመድ ሲጎተት ውስጡ ያለው ምላጭ የሚሽከረከር ነው። ሁለተኛው ሞላ ያለበትና እጀታው ከላይ በመዳፍ ሲመታ ምላጩ ወርዶ የሚከትፍ ነው። ሦስተኛው አትክልቱን በፍርግርግ ምላጭ መካከል እየገፋ በእኩል አራት ማዕዘን የሚቆራርጥ ነው። እነዚህን እርስ በርስ ማወዳደር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ገዢው ገንዘብ የሚያወጣው ቢላዋው የሚያደክመውን ሥራ ለማቃለል ስለሆነ፣ ከየትኛውም ቤት የማይጠፋው ቢላዋም አብሮ መመዘን አለበት።

በእኛ ማዕድ ቤት የመክተፊያ ትልቁ ፈተና ሽንኩርት ነው። ጥሩ ቁሌት የሚወጣው ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በዝግታ እየተማሰለ ውሃውን ሲጨርስ፣ ከዚያም ከበርበሬውና ከዘይቱ ወይም ከቅቤው ጋር ሟሙቶ ወጡን ሲያወፍር ነው። ለዚህ ሽንኩርቱ መድቀቁ ብቻ ሳይሆን መጠኑ መቀራረቡም ያስፈልጋል፤ አንዱ ቁራጭ ደቃቅ ሌላው ትልልቅ ከሆነ ደቃቁ ድስቱ ላይ መያዝ ሲጀምር ትልልቁ ገና ጥሬ ነው። በሌላ በኩል ከሽንኩርት ክብደት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ በመሆኑ፣ ሽንኩርቱ ከመቆረጥ አልፎ ከተጨፈለቀ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና መቁላላቱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። በብሌንደር የተፈጨ ሽንኩርት ቁሌቱ የሚዘገየውና ሽታው አልለቅ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ውስጥ አንድ መክተፊያ ጥሩ የሚባለው በፍጥነቱ ሳይሆን ሳይጨፈልቅና ሳያበላልጥ በመቁረጡ ነው።

እንባን በተመለከተ ሻጮች ብዙ ተስፋ ስለሚሰጡ ነገሩን በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። ሽንኩርት ሲቆረጥ ተለያይተው የነበሩ ኢንዛይሞችና የድኝ ውህዶች ይገናኙና ሲን-ፕሮፔንቲያል-ኤስ-ኦክሳይድ የተባለ በቀላሉ የሚተን ውህድ ይፈጠራል፤ ዓይን የሚለበልበው እርሱ ነው። ይህን ውህድ የሚሠራውን ልዩ ኢንዛይም የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ለይተው አሳውቀዋል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት፣ ምላጩ በደነዘና አቆራረጡ በፈጠነ መጠን ወደ አየር የሚረጨው የሽንኩርት ጠብታ እንደሚበዛ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አሳይተዋል። ከዚህ ለገዢው የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። ዓይንን ከሚያስለቅሱት ምክንያቶች አንዱ ሳይሳል የከረመ ቢላዋ ነው፤ ክዳን ያለው መክተፊያም የሚተነውን ውህድ ውስጡ አፍኖ ስለሚይዝ በእርግጥ ያሳርፋል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱን መላጥና መሰንጠቅ በቢላዋ መሆኑ አይቀርም፣ ክዳኑም ሲከፈት የታፈነው ይወጣልና ፊትን ዞር አድርጎ መክፈት ያስፈልጋል።

ባለ ገመድ መክተፊያ

ከሦስቱ ለሐበሻ ቤት ቀረብ የሚለው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ገመዱ ክዳኑ ውስጥ ባለ ጥቅል ላይ ተጠምጥሟል፣ ሲጎተት ጥቅሉ ዘንጉን ያዞራል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ሞላው ገመዱን መልሶ ይሰበስበዋል። በዘንጉ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተሰኩት ሦስት ወይም አምስት ምላጮች ሽንኩርቱን ከታችም ከላይም ያገኙታል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይስተጓጎልም፣ ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅም የለውም። ገመዱን አሥራ ምናምን ጊዜ መጎተት ለአንድ ሙሌት ይበቃል።

ውጤቱ የሚበላሸው በአብዛኛው ከአጠቃቀም ነው። ሽንኩርቱ ለሁለት ብቻ ተሰንጥቆ ከገባ ምላጩ ይይዘዋል ወይም አንዱን ወገን አድቅቆ ሌላውን ሳይነካ ይተወዋል፤ ለአራት፣ ትልቅ ከሆነ ለስምንት መሰንጠቅ አለበት። ዕቃው ከግማሽ በላይ ሲሞላም እንዲሁ የላይኛው ሳይከተፍ የታችኛው ሊጥ ይሆናል። የተሻለው መንገድ አምስት ስድስት ጊዜ በአጭር በአጭሩ ጎትቶ መክፈት፣ ከዳር የተለጠፈውን በማንኪያ ወደ መሀል መመለስ፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት ጊዜ መጎተት ነው። ለቁሌት የሚሆነው መጠን ላይ ሲደርስ ማቆም ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሽንኩርቱ ውሃ ማቅረር ከጀመረ አልፏል ማለት ነው። ሽንኩርቱን ከታጠበ በኋላ ማንጠፍጠፍም ለውጥ ያመጣል።

ትልቁ ድክመቱ መጠኑ ነው። 500 ሚሊ ሊትር የሚባለው ዕቃ በግማሽ ሲሞላ የሚይዘው በግምት 150 ግራም ሽንኩርት ስለሆነ፣ ለሁለት ሦስት ሰው የሽሮ ወይም የምስር ወጥ አንድ ወይም ሁለት ሙሌት በቂ ነው። ለዶሮ ወጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፉ ብዙዎች ናቸውና፣ ያን ሁሉ በዚህ ትንሽ ዕቃ ለመጨረስ ከ13 እስከ 20 ጊዜ መሙላትና ማውጣት ይጠይቃል። 900 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በዓል በዓልን የሚያስብ ሰው ትልቁን ይውሰድ፤ ትንሹ ለብቻው ለሚኖር ሰው፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለቃሪያ የሚሆን ነው።

ከሽንኩርት ሌላ ምን ይከትፋል? ካሮትን በትንሹ ቆራርጦ ለሰጠው በደንብ ያደቅቃል። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርትን ለዳጣ ወይም ለአዚፋ ሲያዘጋጅ በጣም ያግዛል። ዝንጅብል ላይ ግን ቃጫው ዘንጉ ላይ ስለሚጠመጠም ቀድሞ በስሱ መቆራረጥ ይፈልጋል፤ ልም ብሎ እንዲወጣ ከተፈለገ ደግሞ ሙቀጫው ዛሬም ይበልጠዋል። ቲማቲም ለስልስ ቢሆን ምንም አይደለም፣ ለሰላጣ ግን ፈሳሽ ያደርገዋል። የሐበሻ ጎመን ጭራሹን አይሆንለትም፤ ቅጠሉ ከምላጩ በላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቆረጥም። ጥቅል ጎመንም በውስጡ ይደቅና ለአልጫው የሚፈለገውን ረዘም ያለ አቆራረጥ ያጣል።

ጽዳቱ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዕቃውና ምላጩ በውሃ ይታጠባሉ፤ ክዳኑ ግን ውስጡ ገመድና ሞላ ስላለው በብዙዎቹ ውሃ ውስጥ መነከር የለበትም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ውሃ የገባበት ክዳን ገመዱ እየሻገተና እየተያዘ ይሄዳል። ይህን ዕቃ ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው በብዛት የገመዱ መበጠስ ወይም የሞላው መድከም ነው፤ የምላጩ መደንዘዝ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለመታጠብ የወጣ ምላጭ ስለታም ስለሆነ ከሌላው ዕቃ ጋር በአረፋ ውሃ ውስጥ መተው አይገባም፤ እጅ የሚቆርጠው በአብዛኛው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ባለ ሞላ መክተፊያ

ይህኛው በመክተፊያ እንጨት ላይ ተቀምጦ ከላይ ይመታል፤ ምላጩ ዚግዛግ ቅርጽ አለው፣ በደህና በተሠራው ላይም በተመታ ቁጥር ጥቂት ይዞራል። ለአንድ ራስ ሽንኩርት፣ ለጥቂት ነጭ ሽንኩርት ወይም ለቃሪያ ፈጣን ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ግን አልመክረውም። የሚይዘው ትንሽ ነው፣ በተደጋጋሚ ሲመታ መዳፍን ያማል፣ በፎቅ ለሚኖርም ድምፁ ለታች ቤት ይተርፋል። ምላጩ ሲደነዝዝ ደግሞ መጨፍለቅ ይጀምራል፤ ለቁሌት የማይፈለገው ይኸው ነው። በምላጮቹ መካከል የሚሰገሰገው ሽንኩርት በብሩሽ ካልሆነ አይወጣም፤ ስለዚህ ምላጩ በቀላሉ የማይፈታውን ዓይነት መግዛት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ባለ ፍርግርግ መክተፊያ

የአቆራረጥ ውበትና እኩልነት ከተፈለገ ይህን የሚያህል የለም። ድንቹ፣ ካሮቱና ቀይ ሥሩ በአንድ ልክ ስለሚወጡ በአንድ ጊዜ ይበስላሉ፣ የጾም ሰላጣውም ለዓይን ያምራል። በረቡዕና በዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ጊዜ አትክልት የሚበዛበት ቤት ጥቅሙን ቶሎ ያየዋል። ጠጣር ቲማቲምንም ከባለ ገመዱ በተሻለ ሁኔታ ሳያፈስ ይቆርጣል፤ በጣም የበሰለውን ግን ይጨፈልቀዋል።

ሽንኩርትን በተመለከተ የትንሹ ፍርግርግ ስፋት ወሳኝ ነው። ከዕቃው ጋር ከሚመጡት ፍርግርጎች ትንሹ ብዙ ጊዜ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚወጣው ሽንኩርት ለጥብስ እንጂ ለዶሮ ወጥ ቁሌት አይደቅም፤ ከዚህ ጠበብ ያለ ያለው ከተገኘ የተሻለ ነው። ሽንኩርቱ ለሁለት ተሰንጥቆ የተቆረጠው ወገን ወደ ምላጩ ተደርጎ ይቀመጣል፣ ክዳኑም ቀስ ተብሎ ሳይሆን በአንድ ፈጣን ግፊት ይወርዳል፤ በዝግታ ከተጫኑት ሽንኩርቱ ይጨመቃል። ጥሬ ካሮትና ስኳር ድንች ብርቱ ጉልበት ስለሚጠይቁ ቀጠን አድርጎ መሰንጠቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው፤ ክዳኑ ከዕቃው ጋር የተያያዘበት ማጠፊያና ከክዳኑ ሥር ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ሲገደዱ ይሄዳሉ። እጃቸው ወይም ትከሻቸው ለሚያማቸው እናቶች ይህን ከመግዛት ይልቅ ባለ ገመዱን መምረጥ ይሻላል፤ ባለ ገመዱም ቢሆን አንድ እጅ ክዳኑን ይዞ ሌላው መጎተት ስላለበት፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ያለው መሆኑ ለእነርሱ ግዴታ ነው።

ቢላዋ የሚበልጥበት

ለጎመን፣ ለጥቅል ጎመን፣ ለሰላጣ ቲማቲምና ለጥብስ ሽንኩርት የተሳለ ቢላዋ ከሦስቱም ይበልጣል፤ ለአንድ ራስ ሽንኩርትም መክተፊያ አውጥቶ፣ ከትፎ፣ አጥቦ ከመመለስ በቢላዋ መጨረስ ይፈጥናል። ለዚህ ነው መክተፊያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቢላዋውን እንዲያስል የምመክረው። ለብዙ ቤት ችግሩ የመክተፊያ አለመኖር ሳይሆን በሳህን ጀርባ እንኳን ተስሎ የማያውቅ ቢላዋ ነው። ቢላዋው ተስሎም የሽንኩርቱ ብዛት የሚያደክም ከሆነ፣ ወይም ዓይንን አላስችል ካለ፣ ያን ጊዜ መክተፊያው ዋጋውን ይመልሳል።

እንግዲህ ምርጫው እንደ ቤቱ ይለያያል። በየቀኑ ወጥ ለሚሠራ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ላለበት ቤት 900 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ባለ አምስት ምላጭ ባለ ገመድ መክተፊያ እመርጣለሁ። ሰላጣና የአትክልት አልጫ የሚያዘወትር ቤት ባለ ፍርግርጉን ይያዝ፤ ሽንኩርቱን ግን በቢላዋ ይከትፍ። ተማሪ ወይም ብቸኛ ነዋሪ ለሆነ ሰው ትንሹ ባለ ገመድ በቂ ነው፣ ከውጭ አገር ለሚላክ ሻንጣም አይከብድም። ባለ ሞላውን ለማንም በመጀመሪያ ምርጫነት አላቀርብም። ለድግስ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይበቃም፤ ብዙ እጅና ብዙ ቢላዋ ይፈልጋል።

ሲገዙ መታየት ያለበት

ምላጩ ስቴይንለስ ስቲል መሆኑን በስሙ ብቻ አለማመን ይገባል፤ በጣም ሳሳ ያለና በጣት ሲነካ የሚታጠፍ ምላጭ ካሮት ላይ ይጣመማል። ዕቃው ወፍራምና ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን የሚከተፈውን ሳይከፍቱ ለማየት ይረዳል፤ ሳሳ ያለው ፕላስቲክ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። የትኛውም ፕላስቲክ በካሮት ቀለም መበላሸቱና የነጭ ሽንኩርት ሽታ መያዙ አይቀርም፤ ወዲያው ማጠብና ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ ይቀንሰዋል። በባለ ፍርግርጉ ላይ የክዳኑን ማጠፊያ ደጋግሞ ከፍቶ መዝጋት፣ ተጨማሪ ፍርግርጎቹም በትክክል የሚገጥሙ መሆናቸውን በዚያው ማየት ያስፈልጋል። በባለ ገመዱ ላይ ደግሞ ክዳኑን በእጅ ይዞ ገመዱን እስከ መጨረሻው መጎተትና መልቀቅ ነው፤ ሳይንገራገጭና ሳይዘገይ ከተሰበሰበ ሞላው ደህና ነው፣ መሀል ላይ ከቆመ ወይም በእጅ መመለስ ከፈለገ ዕቃው ገና ከሱቅ ሳይወጣ ደክሟል። በቴሌግራም ለሚገዛ ሰው ይህን ሙከራ በር ላይ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማድረግ መብቱ ነው፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ዕቃውን መልሶ ሌላ መፈለግ ይቀላል።