ለተማሪዎች ሰርቪስ የሚሆን ያገለገለ ኮስተር፦ ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለተማሪዎች ሰርቪስ የሚሆን ያገለገለ ቶዮታ ኮስተር የሚፈልግ ሰው ቀለሙንና ወንበሩን ከማየቱ በፊት ስለ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይወስን።

ጥገና፦ የማንዋል ፍሪሲዮን (ክላች) በየሠፈሩ ጋራዥ ይቀየራል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ግን አጥርቶ የሚያውቀው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ወጪውም ይከብዳል።

አነዳድ፦ በጠዋቱ መጨናነቅ አውቶማቲክ ሾፌሩን ያሳርፋል፤ ማንዋል እግር ያደክማል፣ ፍሪሲዮንም ይጨርሳል።

ዳገትና ቁልቁለት፦ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። በማንዋል ሾፌሩ ለዳገቱ የሚበቃውን ማርሽ ራሱ ይመርጣል፤ ከእንጦጦ ሲወርድም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን ይይዝለታል። አውቶማቲክም ዝቅተኛ ማርሽ አለው። የሚያስፈራኝ ማርሹን "ዲ" (የተለመደው መንጃ) ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ነው፤ ፍሬን ከመጠን በላይ ከጋለ አይዝም፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ሕፃናት ናቸው።

ፍተሻ፦ ማንዋሉን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ በሦስተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የአውቶማቲኩን የካምቢዮ ዘይት በነጭ ጨርቅ ይንኩ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ይተዉት።

መስመርዎ ዳገት የሚበዛባቸው ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ከሆነ፣ ልምድ ያለው ሾፌርም ካለዎት፣ ማንዋል ይሻላል። ቦሌ አካባቢ በመጨናነቅ ውስጥ ለሚውል፣ የታመነ የአውቶማቲክ ባለሙያም ላገኘ፣ አውቶማቲክ።