«አካሌ የእኔ ነው» ከተባለ በኋላ፦ በሐዋሳ የአንድ ካፌ የውይይት አገልግሎት ሲገመገም

ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ዳር መጻሕፍት የሚያከራይ፣ ቡናና ሻይም የሚያቀርብ አንድ አነስተኛ ካፌ አለ። ባለቤቶቹ የቤቱ ስም በማኅበራዊ መገናኛ እንዲናኝ ስለማይወዱ ስሙን ትቼ ስለ አገልግሎቱ ብቻ እጽፋለሁ። ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በክፍያ የሚካሄድ ውይይት ያዘጋጃል፤ መግቢያው 150 ብር ሲሆን አንድ ስኒ ቡናና የተባዛ የመወያያ ጽሑፍ ይጨምራል። እዚህ የምገመግመው «የግለሰብ ነፃነትና ጽንስ ማቋረጥ» በሚል ርእስ የተዘጋጀውን ነው። እንዲህ ያለ ርእስ በከተማችን በአደባባይ፣ ያውም ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ሳይጮኹ መነጋገሪያ መሆኑ ራሱ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ከፋይ እንደ መሆኔ የተሰጠኝን መመዘን መብቴ ይመስለኛል።

ስለ ቤቱ ብዙ የሚባል የለም። ወንበሮቹ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭታ አይመቹም፣ የመንገዱ ባጃጅ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ተናጋሪውን ይውጠዋል፣ ቡናው ግን የይርጋዓለም ሰው የማያፍርበት ቡና ነው።

የአገልግሎቱ ዋና ዕቃ የመወያያ ጽሑፉ ነው። የተጻፈው በጥሩ አማርኛ ነው፤ ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ የሚመስል ዐረፍተ ነገር አልገጠመኝም። የሚነሣው እያንዳንዱ ሰው የገዛ አካሉ ባለቤት ነው ከሚለውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ሎክ ካሰፈረው ሐሳብ ሲሆን፣ በማስከተልም መንግሥት በአንድ ሰው ላይ ኀይል መጠቀም የሚችለው በሌላው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመከላከል ብቻ ነው ወደሚለው፣ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ወዳብራራው መርሕ ይሻገራል። ሊበርታሪያን የሚባሉት ወገኖች እነዚህን ሁለት ሐሳቦች እስከ ጫፍ የወሰዱ ናቸው፦ ያልፈቀድኩትን ግዴታ ማንም አይጭንብኝም፣ እኔም በማንም ላይ ኀይል አልጀምርም ይላሉ።

ቀጥሎ ጽሑፉ አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበችውን ምሳሌ ይተርካል። አንድ ሰው ሲነቃ ኩላሊቱ ከታመመ ስመ ጥር ቫዮሊን ተጫዋች ጋር በቱቦ ተገናኝቶ ራሱን ያገኛል፤ ቱቦው ከተነቀለ ተጫዋቹ ይሞታል፣ ካልተነቀለ ደግሞ ዘጠኝ ወር አብሮ መተኛት ግድ ነው። ቶምሰን ጽንሱ ሙሉ ሰው ነው የሚለውን ለክርክሩ ያህል ተቀብላ፣ በሕይወት የመኖር መብት በሌላ ሰው አካል የመጠቀምን መብት በራሱ አያስገኝም ትላለች። አዘጋጆቹ ይህን ምሳሌ በሦስት አጫጭር አንቀጾች ሲያስረዱ፣ ስመ ጥሩን ሙዚቀኛ ወደ ማሲንቆ ተጫዋች ለመቀየር አለመሞከራቸውን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ቶምሰንን በሊበርታሪያኖቹ ተርታ ማሰለፋቸው ስሕተት ነው። ክርክሯን እነርሱ ይጠቀሙበታል እንጂ እርሷ የእነርሱ ወገን አልነበረችም።

ከዚህ የከፋው ጉድለት ሌላ ነው። የጽሑፉም የአወያዩም አቀራረብ «አካሌ የእኔ ነው» ያለ ሁሉ ጽንስ የማቋረጥን መብት ይደግፋል የሚል ግንዛቤ ይሰጣል፤ እውነቱ ግን ሊበርታሪያኖች በዚህ ጉዳይ ለሁለት፣ እንዲያውም ለሦስት የተከፈሉ መሆናቸው ነው። ዋና ሐሳባቸውን ከቀረጹት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት መሬይ ሮትባርድ ሴትየዋ የማትፈልገው ጽንስ ያለ ፈቃዷ በአካሏ ውስጥ የመቆየት መብት የለውም ሲል፣ በዶሪስ ጎርደን የተመሠረተውና በሕይወት የመኖር መብትን የሚከላከለው የሊበርታሪያኖች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከዚያው መነሻ ተነሥቶ ተቃራኒው መደምደሚያ ላይ ይደርሳል፦ ጽንሱን ጥገኛ አድርገው ወደዚያ ቦታ ያመጡት ወላጆቹ ናቸውና የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፣ መግደል ደግሞ ኀይል መጀመር ነው ይላል። ይህን የሚለው በሃይማኖት ሳይሆን በግለሰብ መብት ላይ ቆሞ መሆኑ ለእኛ አገር አድማጭ አዲስ ነገር በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ሊበርታሪያን ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ የነበሩት ሮን ፖልም የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ሲሆኑ ጽንስ ማቋረጥን ይቃወማሉ። ኢኮኖሚስቱ ዋልተር ብሎክ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ ይላል፤ በእርሱ አመለካከት ሴትየዋ ጽንሱን ከአካሏ የማስወጣት እንጂ የመግደል መብት የላትም፣ ስለዚህ ከማኅፀን ውጭ መኖር የሚችልበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ በሕይወት መውጣት አለበት። ፓርቲው ራሱ በመርሐ ግብሩ ለብዙ ዓመታት ጉዳዩ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ይተው፣ መንግሥት እጁን ያውጣ የሚል አንቀጽ ይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 አንቀጹን ሰርዞታል። ክርክሩ ለታዳሚው ሙሉ ሆኖ የሚቀርበው ይህ መከፋፈል ሲነገረው ነበር፤ 150 ብር የከፈለ ሰው አንድ ወገን ብቻ ሊቀርብለት አይገባም።

አወያዩ ወጣት መምህር ነው፣ ጨዋና የተዘጋጀ። ጎበዝ መሆኑን ያየሁት ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ ነርስ ለመናገር እጃቸውን ባወጡ ጊዜ ነው። «ሲስተር፣ ይቅደሙ» ብሎ ከእርሳቸው በፊት ተራ የያዙትን ሁለት ጎረምሶች በትሕትና አስታገሠ። እርሳቸውም ከሥራ ዘመናቸው ጥቂት ካወሱ በኋላ ወረቀቱን እያሳዩ፣ «ልጄ፣ እዚህ የተጻፈው ሰውዬ ያልተዋዋልኩትን ሰው የመመገብ ግዴታ የለብኝም የሚል ከሆነ፣ እንግዲህ የወለድኩትን፣ ጡት የሚጠባውን ልጅ ጥዬ ብሄድ ሕግ አይጠይቀኝም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ ለአፍታ ዝም አለ። አወያዩ አልሸሸም፤ ሮትባርድ በእርግጥም ወላጅ ልጁን እንዲመግብ በሕግ ሊገደድ አይገባም እስከ ማለት መሄዱንና ብዙ ሊበርታሪያኖች በዚህ ከእርሱ መለየታቸውን አስረዳ። ሲስተር «እንዲያ ከሆነ እኔ ከእናንተ ጋር እስከ ማዋለጃ ክፍሉ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አልገባም» አሉና ተቀመጡ። ለእኔ የዕለቱ ፍሬ ይህ ነው፤ የራስ ባለቤትነት መርሕ ብቻውን ጉዳዩን እንደማይቋጨውና ሁሉም የሚንጠለጠለው ሰው ሳይስማማበት የሚሸከመው ግዴታ አለ ወይስ የለም በሚለው ጥያቄ ላይ መሆኑን፣ ከመወያያ ጽሑፉ ይልቅ የእርሳቸው ጥያቄ ግልጽ አድርጎልኛል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በአገራችን ሕግ ላይ ነበር፤ ያቀረበችውም አንዲት የሕግ ባለሙያ ናት። የከፈልኩት ገንዘብ ዋጋ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1 ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚሞትበት ድረስ መሆኑን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 2 ግን የተጸነሰ ልጅ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ፣ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከ ሆነ ድረስ፣ እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በአንቀጽ 4 መሠረት ደግሞ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የቆየ ልጅ ለመኖር እንደሚችል ይቆጠራል። በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ ጽንስ ማቋረጥን የሚያስቀምጠው ገና ባልተወለደ ሕይወት ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ሥር ነው። አንደኛው ሕግ ገና ሰው አልሆነም ያለውን ሌላው ሕይወት ብሎ ይጠብቀዋል። ባለሙያዋ ይህን እንደ ቅራኔ ሳይሆን ሆን ተብሎ እንደ ተተወ ክፍተት ማቅረቧ አሳማኝ ነበር። የፍትሐ ብሔሩን አንቀጽ 18 እና 20 ጎን ለጎን ማንበቧም እንዲሁ፦ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ቀዶ ሕክምናን እንቢ ማለት እንደሚችል ሲደነግግ፣ አንቀጽ 18 ግን አካልን በከባድ ሁኔታ የሚጎዳ ስጦታ ወይም ውል ከሞት በፊት ሊፈጸም እንዳይችል ይከለክላል። ስለዚህ በእኛ ሕግ ሰው ለአካሉ ጠባቂ እንጂ እንደ ዕቃ የሚሸጥና የሚለውጥ ባለቤት አይደለም።

ከዚያም ወደ ወንጀል ሕጉ ገባች። በ1949ኙ ሕግ ሕጋዊ የሚባለው ጽንስ ማቋረጥ ሴትየዋን ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ሲሆን፣ ለዚያም የሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫና የሌላ ሐኪም አስተያየት ይጠየቅ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ መርሑን ሳይለውጥ፣ ማለትም ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል መሆኑን ሳይሽር፣ በአንቀጽ 551 የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ያሰፋል፦ አስገድዶ መድፈር ወይም የዘመድ ግንኙነት፣ በእናቲቱ ወይም በልጁ ሕይወት ወይም በእናቲቱ ጤና ላይ የሚደርስ አደጋ፣ የማይድን ከባድ የጽንስ ጉድለት፣ እንዲሁም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት አልያም በዕድሜ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ አለመሆኗ። አንቀጽ 552 ደግሞ ጽንሱ በመደፈር ወይም በዘመድ ግንኙነት የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴትየዋ ቃል ብቻ ይበቃል ይላል። የነፃነት ክርክር ለሚያነሣ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያነጋግር ድንጋጌ የለም ባይ ነኝ። ሕግ አውጪው «አካልሽ የአንቺ ነው» ብሎ አላወጀም፤ ነገር ግን የተደፈረችን ሴት በፖሊስ ወረቀትና በፍርድ ቤት ቀጠሮ ማንገላታት የመንግሥት ሥራ እንዳይሆን ወስኗል። ሊበርታሪያኖች በመርሕ የሚፈልጉትን፣ መንግሥት በሰው ጓዳ የሚያደርገውን ምርመራ መገደብን፣ ሕጋችን በሌላ በር አስገብቶታል። አወያዩ ይህን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋር አያይዞ ቢጠይቅ ኖሮ ውይይቱ ሌላ ከፍታ ላይ ይደርስ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመለሰ።

በዚያ ላይ የተናገረው ትክክል ነው፦ የሰኔ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሰጠውን፣ ጽንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት ያደረገውን ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለየግዛቶቹ መለሰ እንጂ በመላ አገሪቱ አልከለከለም። አንድ ታዳሚ «ታዲያ የሲዳማ ክልልም የራሱን ሕግ ማውጣት ይችላል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ተድበሰበሰ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ፣ ለክልሎች የተወው በፌዴራሉ ሕግ ያልተሸፈነውን ብቻ ነው። ባለሙያዋ እዚያው ተቀምጣ ሳለ ዕድሉን አለመስጠት የአመራር ጉድለት ነው።

ሌላው ቅሬታዬ አንድ ዲያቆን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጽንስ ከጅምሩ ሕይወት መሆኑን ሊያስረዳ ሲጀምር «እዚህ የምንነጋገረው ፍልስፍና ነው» ተብሎ መቆረጡ ነው። ስለ ነፃነት በሚወያይ ቤት ሰው ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ እንዳይናገር መከልከል ያስተዛዝባል፤ በሐዋሳ ጉዳዩን ከእምነቱ ነጥሎ የሚያይ ሰው ጥቂት መሆኑንም መዘንጋት ነው። እንደዚሁም ነፃነት ከመንግሥት ነፃ መሆን ብቻ ተደርጎ ተቆጠረ። ከገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ተቀጥራ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ ውሳኔዋን የሚይዙባት የወንጀል ሕጉ አንቀጾች ብቻ አይደሉም፤ ቤተሰቧ፣ ደመወዟ፣ አከራይዋና የፈረቃ ሰዓቷም ናቸው። እንዲህ ያለች ልጅ 150 ብር ከፍላ እንደማትገባ ቤቱ ሊያስብበት ይገባል፤ ለሠራተኞች ቅናሽ ቢደረግ ጥሩ ነው።

አገልግሎቱን ለሕግና ለፍልስፍና ተማሪዎች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ሌላውን ሳያቋርጡ መስማት ለሚችሉ ሁሉ እመክራለሁ። የግል ችግሩን ይዞ ምክር ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ግን ቦታው አይደለም፤ ለዚያ ጤና ተቋም አለ። የመወያያ ጽሑፉ በዕለቱ በር ላይ ከሚታደል ይልቅ አስቀድሞ በቴሌግራም ቢላክ ታዳሚው አንብቦ ይመጣል። በሚቀጥለው ዙር ሲታተምም የዶሪስ ጎርደንና የዋልተር ብሎክ ክርክሮች እንዲገቡ፣ እንዲሁም ድርጊቱ በከፋ ድህነት ምክንያት የተፈጸመ ሲሆን ፍርድ ቤት ቅጣቱን እንዲያቀልል የሚያዘው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 550 እንዲጨመር ለባለቤቶቹ በጽሑፍ አሳስቤያለሁ።