የውሃ ቀለም፣ አክሪሊክ ወይስ የዘይት ቀለም? በጎልማሳነቱ ሥዕል ለሚጀምር ሰው

በልጅነታቸው የተዉትን ሥዕል፣ ሥራ ከያዙና ቤት ከመሠረቱ በኋላ እንደገና የሚያነሡ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ኮርስ ይመዘገባል፣ ሌላው ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየ ይሞክራል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን አንድ ነው፤ የትኛውን ቀለም ልግዛ? ሻጩ ዋጋ ይነግራቸዋል፣ አስተማሪው ደግሞ ራሱ የለመደውን ይመክራቸዋል። ለጎልማሳ ጀማሪ ከዋጋ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፦ ሥራውን አቋርጣችሁ ስትነሡ ቀለሙ ምን ይሆናል? የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ቀኑን ሙሉ ስቱዲዮ ሊውል ይችላል። እናንተ ዘንድ ግን ልጅ ያለቅሳል፣ ስልክ ይጠራል፣ መብራት ይጠፋል። ሦስቱ ቀለሞች ደግሞ መቋረጥን የሚችሉት በየራሳቸው መንገድ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚገዛው አክሪሊክ ነው፤ ያለምክንያትም አይደለም። በውሃ ይቀጥናል፣ ሽታው አያስቸግርም፣ ሸራም ይሁን እንጨት፣ ካርቶንም ይሁን ተወጥሮ ነጭ የተቀባ አቡጀዲ ላይ ይይዛል። ያልወደዳችሁትን ሲደርቅ ትደርቡበታላችሁ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። የቀለሙን ዱቄት አያይዞ የሚይዘው ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ውሃው አንዴ ከተነነ በኋላ በውሃ አይመለስም። በጥር ወር፣ በአዲስ አበባ ደረቅ አየር፣ ስስ ቅብ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ስልክ አንሥታችሁ ስትመለሱ ፓሌቱ፣ ማለትም የቀለም መቀላቀያው ሰሌዳ፣ ላይ ያለው ቀለም ቆዳ አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ሳትነክሩ ከሄዳችሁማ ጸጉሩ እንጨት ይሆናል፤ እሱን ብሩሽ መጣል ነው።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ጠፍጣፋ፣ በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው የፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ፈልጉ። ከታች በውሃ የራሰ የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፉ፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ፣ ቀለሙን እሱ ላይ ጨምቁ። እርጥበቱ በወረቀቱ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚመጣ፣ ክዳኑ ከተዘጋ ቀለሙ ለቀናት አይደርቅም። ያለዚህ ዕቃ አክሪሊክ ግዙ ብዬ ለሥራ ሰው አልመክርም። አንድ ሌላ ጠባይም አለው፤ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። በእርጥቡ ያስተካከላችሁት የፊት መልክ ነገ ሌላ ሆኖ እንዳያስደነግጣችሁ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁ አመሳክሩ።

የዘይት ቀለም ለጀማሪ ከባድ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። እንዲያውም ሥራው ለሚቋረጥበት ሰው ታጋሹ እሱ ነው። ቀለሙ የተለወሰበት የተልባ ዘይት አይተንም፤ የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ የጀመራችሁትን ጉንጭ ነገ ማታ እርጥቡን ታገኙታላችሁ። ጠርዙን ማለስለስ፣ ካልወደዳችሁትም በጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና መጀመር ትችላላችሁ። እንደ አምበር (ቡናማ) ያሉ ከአፈር የሚገኙ ቀለሞች በጥቂት ቀናት ይደርቃሉ፣ ቲታኒየም ነጭ ግን ይቆያል። ዋናው ደንብ ከታች የቀጠነውን፣ ከላይ ዘይት የበዛበትን መቀባት ነው። ከተገላበጠ ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርቅና በኋላ ይሰነጠቃል።

የዘይት ቀለም ትዕግሥቱን የሚያስከፍለው በቦታ ነው። እርጥብ ሸራ ልጅ በማይነካው ግድግዳ ለሳምንት መቆም አለበት። መስኮትም ያስፈልጋል፤ ቀለም ማቅጠኛና ብሩሽ ማጠቢያ የሚሆነው አኳራጅም ሆነ ተርፔንታይን ዝግ ክፍል ውስጥ ራስ ያሳምማል። ብሩሹን በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ በምግብ ዘይት አሽታችሁ፣ ከዚያ በሳሙና ብታጥቡ ግን ያለ አኳራጅ መሥራት ይቻላል። ለምግብ የተጨመቀ የተልባ ዘይት ቀለም ውስጥ አትጨምሩ፤ ለሥዕል እንደተጣራው አይደርቅም።

ቤተሰብ ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ደግሞ አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨባብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። ይህን በየቀኑ ማድረግ የማይሆንላችሁ ከሆነ የዘይት ቀለም አትግዙ።

ቦታ የሌለው ሰው ምርጫ የውሃ ቀለም ነው። አረብ አገር በአሠሪ ቤት ለምትኖርና ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ለምታገኝ እህታችን፣ ወይም ዋሽንግተን ውስጥ ክፍል ለሚጋራ ወንድማችን ሳላመነታ የምመክረው ይህንን ነው። ማያያዣው የግራር ሙጫ ስለሆነ፣ ደርቆ ለወራት የተቀመጠ ቀለም በእርጥብ ብሩሽ ሲነካ ይመለሳል። ዕቃው ሁሉ ከትንሽ ቦርሳ አያልፍም። ቀለሙ በሣጥኑ ውስጥ ይጠብቃችሁ እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን አይጠብቅም። ሰማይ እየቀባችሁ ከተነሣችሁ እርጥቡ በቆመበት ይደርቅና የማይለሰልስ መስመር ይተዋል። ስለዚህ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ትንሽ ሥራ ምረጡ።

እዚህ ላይ ገንዘባችሁን ለወረቀቱ አውጡ። ተራው 80 ግራም የቢሮ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በብሩሽ ስትደጋግሙበት ይላላጣል። ያኔ ጀማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ያቆማል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ላይ ያው ርካሽ ቀለም በእኩል ይሰራጫል፤ የበዛውንም በእርጥብ ብሩሽ ማንሣት ይቻላል። አንዱን ትልቅ ወረቀት ስምንት ቦታ ቆርጣችሁ ተጠቀሙበት። የጨረሳችሁትን ደግሞ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። ቪየና የሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 በውሃ ቀለም የሣለውን የጥንቸል ሥዕል ለሕዝብ የሚያሳየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ብርሃን ስለሚጎዳው።

እንግዲህ የሚዘጋ በርና የሚከፈት መስኮት ያለው የዘይት ቀለም ይግዛ፤ ጠረጴዛ ብቻ ያለው አክሪሊክ ከነምሳ ዕቃው፤ ጠረጴዛም የሌለው የውሃ ቀለም። አክሪሊክም ሆነ ዘይት ስትገዙ ርካሹን ባለ 24 ቱቦ ሣጥን ተዉት፤ እንዲህ ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ መሙያው በዝቶ የቀለም ዱቄቱ ያንሳል። በዚያው ገንዘብ አምስት ደህና ቱቦ ውሰዱ፦ ትልቅ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪን (ደማቅ) ሰማያዊና በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)። ሁለቱ መጨረሻ ላይ ያሉት ሲቀላቀሉ ከቱቦ ጥቁር የተሻለ ጥልቀት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ። ቱቦው ላይ የቀለም ዱቄቱ መለያ ፊደልና ቁጥር ከተጻፈ፣ አንድ መለያ ብቻ ያለበትን ምረጡ፤ ሲቀላቀል አይደፈርስም። በአክሪሊክ ጀምራችሁ በኋላ ወደ ዘይት ብትሻገሩ የደረቀው አክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ይቻላል። ዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አትቀቡ፤ ይላጣል።