«የፋሽን ትምህርት በሚላን፣ ከነቪዛው» የሚለውን ጥቅል ከመፈረማችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ፋሽን የሚከታተል ወጣት ስልክ ላይ ተመላልሶ የሚመጣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። የሚላን ካቴድራል ፎቶ፣ ከፊቱ ውድ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት፣ ከሥሩ «የፋሽን ዲዛይን ትምህርት በጣሊያን፤ ቪዛ፣ ማረፊያና ሥራ ጭምር፤ የቀረው ቦታ ጥቂት ነው»። ቀጥሎ የቴሌግራም አድራሻ፣ ከዚያ ጣና ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ «ነጻ ገለጻ»፣ ከዚያ ቀብድ።

ይህን የሚሸጥ ሁሉ ለይቶለት ሌባ ነው አንልም። ሰው አውሮፕላን ላይ አሳፍረው የሚልኩም አሉ። ክፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ገዢው የገዛ የሚመስለው ዲግሪ ሲሆን የተሸጠለት ግን የጥቂት ሳምንት ኮርስና የጉብኝት ቪዛ ነው። ዋጋው ደግሞ የዲግሪ።

ውሉን ስትቀበሉ ሌላውን ሁሉ ተዉትና የቪዛውን ዓይነት ፈልጉ። የሼንገን፣ ማለትም በጋራ ቪዛ የሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች፣ የአጭር ጊዜ ቪዛ «ሲ» ይባላል። በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፣ ሥራም አያሠራም። ከ90 ቀን የሚበልጥ ትምህርት የሚፈልገው «ዲ» የሚባለውን ብሔራዊ ቪዛ ነው፤ እሱን የምትሰጠው ጣሊያን ራሷ ናት። ሻጮቹ «በሲ ግቡና እዚያ ወደ ተማሪነት ትቀይሩታላችሁ» ይላሉ። አይቀየርም። የተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ከአገር ሳይወጡ፣ አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ፣ አሻራ ሰጥቶ ነው። በሲ ገብቶ ቀኑ ያለፈበት ሰው ወረቀት አልባ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አይመዘግበውም፣ በሕጋዊ ውል ቤት አይከራይም፣ ደመወዙን የሚከለክል አሠሪ ቢገጥመው እንኳ አቤት ለማለት ይፈራል።

የማመልከቻው ክፍያም ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ የሲ ቪዛ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጣሊያን የትምህርት ዲ ቪዛ 50 ዩሮ። ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከል ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል፣ በቃ። ስለዚህ «የኤምባሲ ክፍያ» ተብሎ ብዙ ሺህ ብር ሲቆለል ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ ጠይቁ። ቪዛ ሲከለከል ኤምባሲው የማመልከቻውን ገንዘብ አይመልስም። «ካልተሳካ መቶ በመቶ ተመላሽ» የሚል ሰው ከራሱ ኪስ እመልሳለሁ እያለ ነውና ይህንኑ በቁጥርና በቀን ይጻፈው።

ቀጥሎ ደብዳቤው። የመጥሪያ ደብዳቤ ሌላ፣ የቅበላ ደብዳቤ ሌላ ነው። ዋጋ ያለው የቅበላ ደብዳቤ ስማችሁን ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጽፋል፣ የፕሮግራሙን ስም፣ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ የሚያስገኘውን ክሬዲትና የዓመቱን ክፍያ ያስቀምጣል። «የፋሽን ስታይሊንግ ፕሮግራም፣ 60 ሰዓት» ካለ ያ ሦስት ሳምንት ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው የተሳትፎ ሰርተፊኬት ግድግዳ ያሳምራል እንጂ ዲፕሎማ ሆኖ አይቆጠርም።

ሚላን ውስጥ ስማቸው የሚነሳ የግል የፋሽን ትምህርት ቤቶች በእርግጥ አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ያለው ኢስቲቱቶ ማራንጎኒ፣ ዶሙስ አካዳሚ፣ ናባ፣ ኢስቲቱቶ ኤውሮፔዮ ዲ ዲዛይን። የዓመት ክፍያቸው ከ10,000 ዩሮ ያልፋል፣ አንዳንዱ ፕሮግራም በእጥፍ ይጠጋል። ማስታወቂያው የእነሱን ስም ይጠራል፤ ደብዳቤው ሲመጣ ግን ስሙ ተቀራራቢ የሆነ ሌላ ተቋም ነው። ማጣሪያው ከባድ አይደለም። የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ እንጂ በተላከላችሁ ሊንክ አትግቡ። ከዚያ ለመግቢያ ክፍሉ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉ፦ ስሜ ይህ ነው፣ በዚህ ቁጥር የተሰጠኝ ደብዳቤ የእናንተ ነው ወይ? ደብዳቤው የመጣበት ኢሜይል በጂሜይል የሚያልቅ ከሆነ መጠየቅም አያስፈልግም።

ሻጮቹ ጨርሶ የማያነሱት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮሚሽን የለበትማ። ፖሊቴክኒኮ ዲ ሚላኖ የፋሽን ዲዛይን ያስተምራል፤ የዓመት ክፍያው በቤተሰብ ገቢ የሚወሰን ሲሆን ጣሪያው እንኳ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቪዛ የሚጠይቅ የውጭ ተማሪ «ዩኒቨርሲታሊ» በሚባለው የጣሊያን መንግሥት ድረ ገጽ ቅድመ ምዝገባ ያደርጋል። ድረ ገጹ ነጻ ነው። አካውንት መክፈት፣ ዩኒቨርሲቲና ፕሮግራም መምረጥ፣ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ መጫን፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው እስኪያጸድቅ መጠበቅ። የጸደቀው ማጠቃለያ ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ይገባል። እዚህ ላይ የሚሠራው ተንኮል ረቀቅ ያለ ነው። ደላላው አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ይከፍትና የይለፍ ቃሉን ይይዛል፤ ዩኒቨርሲቲው «ይህ ሰነድ ጎድሏል» ሲል እናንተ አትሰሙም፣ ሂሳቡን ካልጨረሳችሁ ደግሞ ማመልከቻው መያዣ ይሆናል። ኢሜይሉ የእናንተ፣ ስልኩ የእናንተ፣ የይለፍ ቃሉም የእናንተ ብቻ ይሁን።

ጊዜውንም ተመልከቱ። የጣሊያን ትምህርት መስከረምና ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአውሮፓ ውጭ ለሚያመለክቱ በሩን የሚዘጉት ከዚያ ወራት ቀደም ብለው ነው። ገና የ12ኛ ክፍል ውጤት የምትጠብቁትን «በዚህ ዓመት ትገባላችሁ» የሚል ሰው ወይ አሠራሩን አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

ስለ ባንክ ሂሳብ። ጣሊያን ከተማሪ ለዓመት ከ6,000 ዩሮ በላይ የመኖሪያ ገንዘብ ማስረጃ ትጠይቃለች። ጥቅሉ ውስጥ «ሂሳብ እናሳያለን» የሚል አገልግሎት ካለ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ብር አስገብቶ፣ ስቴትመንት አስወጥቶ፣ ብሩን በወለድ መውሰድ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ቪዛ መርማሪው የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የወራቱን እንቅስቃሴ ያነባል፣ ባዶ የነበረ ሂሳብ በአንድ ጀንበር ሲሞላም ያያል። የሲ ቪዛ ማመልከቻ መረጃ እስከ 5 ዓመት በሼንገን አገሮች የጋራ ቋት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሚላን ላይ የተያዘ ሐሰተኛ ሰነድ ነገ ፓሪስ ስታመለክቱም ይጠብቃችኋል።

ደግሞ ያ ስድስት ሺህ ምናምን ዩሮ ለቪዛ ማሳያ የሚበቃ እንጂ ለሚላን የሚበቃ አይደለም። ሚላን ውስጥ አንድ ክፍል፣ ያውም ከሌሎች ጋር ኩሽና እየተጋሩ፣ በወር ከ600 ዩሮ በታች ማግኘት ይቸግራል። ስድስት መቶውን በ12 ብታባዙ 7,200 ነው፤ የኪራይ መያዣው፣ ምግቡ፣ ትራንስፖርቱ ገና አልተቆጠረም። ጥቅሉ ውስጥ ያለው «ማረፊያ» አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆስቴል ነው፤ ስንት ሌሊት እንደሆነ በቁጥር አስጽፉ።

«ማስፈጸሚያ» እየተባለ በየመስመሩ የሚጨመረውም ይታይ። ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው የግብር መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል። በዲ ቪዛ የገባ ተማሪ በደረሰ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ በፖስታ ቤት ያመለክታል፤ ወጪው ለቴምብር 16፣ ለፖስታ አገልግሎት 30፣ ለካርዱ 30.46፣ እስከ አንድ ዓመት ለሚቆይ ፈቃድ 40 ዩሮ፣ በድምሩ 116.46። በብሔራዊ የጤና አገልግሎት በፈቃድ መመዝገብ ለተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በዓመት 700 ዩሮ ሆኗል፤ የግል ኢንሹራንስ ከዚያ ያነሰ ሊገኝ ይችላል። ውላችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ከእነዚህ ጋር አስተያዩት።

ሥራውስ? የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዓመት 1,040 ሰዓት መሥራት ይችላል። በሲ ቪዛ ዜሮ ሰዓት። ኢንተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ደግሞ በትምህርት ተቋሙ፣ በተቀባዩ ድርጅትና በተማሪው መካከል በሚፈረም ስምምነት እንጂ በደላላ ቃል አይገኝም። «ሞዴል እናደርጋችኋለን» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፦ እውነተኛ የሞዴል ኤጀንሲ ከምታገኙት ሥራ ላይ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ለፎቶና ለምዝገባ አስቀድሞ አያስከፍልም። «በፋሽን ሳምንት ትሳተፋላችሁ» የሚባለውም ሰው ማማለያ ነው። የሚላን የሴቶች ፋሽን ሳምንት በየካቲትና በመስከረም ይካሄዳል፤ ወደ ትርኢቶቹ የሚገባው በግብዣ ነው፣ ውጭ ቆሞ የገቡትን ፎቶ ማንሳት ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

እዚህ አገር ውስጥም ሕግ አለ። ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው 1246/2013 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪም የአሠሪው ነው። የትምህርት አማካሪ ነኝ የሚል ድርጅት በዚያ የንግድ ፈቃድ ሥራ መሸጥ አይችልም። «ትምህርትም ሥራም» ብለው የሚያዋህዱት ከሁለቱም ተጠያቂነት ለመንሸራተት ነው። የንግድ ፈቃዱን ጠይቁ፣ የሥራ ዘርፉ ምን እንደሚል አንብቡ፣ የታደሰበትን ዓመት እዩ።

ቅዳሜ ገበያ ሄዶ የቀሚስ ጥበብ ሲገዛ ጀርባውን ገልብጦ ክሩን የሚቆጥር ሰው፣ ውል ላይ ሲደርስ ሳያነብ መፈረሙ ይገርማል። አንድ አንቀጽ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ የመጀመሪያው ክፍያ። ውሉ «ቀብድ» ካለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ይከተላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሻጮቹ የመጀመሪያውን ግማሽ ይነግሯችኋል። ሁለተኛውን የሚያስቀር አንቀጽ ታች በትንሽ ፊደል ሊኖር ስለሚችል እሱን ፈልጉ። የሚሻለው የመጀመሪያው ክፍያ «የቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ፣ የትኛው ሥራ በየትኛው ቀን ካልተፈጸመ እንደሚመለስ ተዘርዝሮ ሲጻፍ ነው።

የትምህርት ክፍያ ለደላላ አይሰጥም። ትምህርት ቤቱ በስማችሁ ደረሰኝ ይልካል፣ እናንተ በባንክ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ታስተላልፋላችሁ። የጣሊያን አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥር) በአይ እና ቲ ፊደላት ይጀምራል፣ ርዝመቱም 27 ነው፤ የሂሳቡ ባለቤት ስም ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ወደ ግለሰብ ሂሳብ ወይም ወደ ሌላ አገር አይባን ላኩ ከተባላችሁ ቁሙ።

ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ለመግቢያ የሚቀርበውን የሥራ ስብስብ፣ «እናዘጋጃለን» የሚሉም አሉ፤ አንዱን ፋይል ስም እየቀየሩ ለብዙ አመልካች ይልካሉ። መግቢያ ኮሚቴ ይህን ለማየት ብዙ አይፈጅበትም። ከ15 እስከ 20 ገጽ የራስ ሥራ ይበቃል። የሐሳቡ መነሻ፣ በእጅ የተሳለ ስኬች፣ የልብሱ ጠፍጣፋ ቴክኒካዊ ስዕል ከነልኬቱ፣ የጨርቅ ናሙና፣ ፓተርኑ ሲቆረጥ የተነሳ ፎቶ፣ ያለቀው ልብስ ሰው ለብሶት ከፊትና ከኋላ። የሸማ ድርና ማግ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ሁለት ገጽ፣ ከኢንተርኔት ከተለቀመ የፓሪስ ልብስ ፎቶ ይልቅ ያስመርጣል፤ ኮሚቴው የሚፈልገው እጃችሁንና አስተሳሰባችሁን ነው።

ለፋሽን ብለው አውሮፓን ለሚያስቡ በእኛ ግምት የሚያዋጣው መንገድ ረጅሙ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ፋሽን ዲዛይን እዚሁ በዲግሪ ይሰጣል። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የጣሊያን የመንግሥት የፋሽን ትምህርት በአብዛኛው በጣሊያንኛ ነው። በማስተርስ ግን በእንግሊዝኛ የሚሰጡ አሉ፤ ፖሊቴክኒኮ ዲ ሚላኖ አንድ፣ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሪሚኒ ላይ ሌላ። ሪሚኒ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ እንደ ሚላን አታብረቀርቅም፣ ኪራይዋም እንደ ሚላን አይወደድም። በጣሊያን በየክልሉ በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ የነጻ ትምህርት ድጋፍም አለ። የቤተሰብ አባላት ብዛት፣ ገቢና ንብረት የሚገልጽ ሰነድ ተረጋግጦና ወደ ጣሊያንኛ ተተርጉሞ ይፈለጋል፤ ይህን መሰብሰብ ወራት ስለሚወስድ ከቅበላው ቀድሞ ይጀመር።

አስቀድመው የከፈሉ ደግሞ የቴሌግራም ንግግሩን አያጥፉ፤ ሻጩ በሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚችል ዛሬውኑ ስክሪን ሾት ያንሱና ለሌላ ሰው ስልክ ይላኩ። የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀቱ፣ ውሉ፣ የተሰጠው ደብዳቤ አንድ ላይ ይቀመጥ። ለድርጅቱ ቀን የተቆረጠበት የጽሑፍ ጥያቄ ይሰጥና ቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ ካልመለሱ አቤቱታው ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ነው። የጉዞ ቃል ተሰጥቶ ሥራ ተብሎ የተሸጠ ከሆነ ስለ ሰው መነገድ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሊነሳ ስለሚችል ያንንም ለፖሊስ ይንገሩ። ፓስፖርታችሁና የ12ኛ ክፍል ዋናው ሰርተፊኬት እነሱ ቢሮ ካለ ግን አቤቱታውን ከማስገባታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ፣ «ለኮፒ እፈልገዋለሁ» ብላችሁም ቢሆን አስወጡት።